አዴ ሀሊሞ መርፌ ያስቀመጠችበት ሰሞን

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ጥር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለቀመሪያ፣ ጅቡቲ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ከሙቀቱም፣ ከባሕሩም፣ ከማዳምሽ ቁጣም ይጠብቅሽ። «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ጥርሴንም ያመኛልና ውሸት እንዳይሆንብኝ ተውኩት።

ዕቃው ደረሰ! ወላሂ ደረሰ! ጨርቅ ነጋዴዋ ዳሃቦ በባቡር እንዴት እንዳሳለፈችው ብትሰሚ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ። ተምር ከረጢት ውስጥ ቀብራዋለች። ጠረፉ ደወሌ ላይ ፊናንስ ፖሊሱ ከረጢቱን ብድግ ሲያደርግ ዕቃው «ጢጥ፣ ጢጥ» ብሎ አይጮህ መሰለሽ? ሴትዮዋ ምን ታድርግ፤ እሷም «እጢጥ! እጢጥ!» እያለች ማስነጠስ ጀመረች። ፊናንሱ «ይማርሽ እናቴ» ብሎ አለፈ። እስካሁን አፍንጫዋን ሲያያት ያዝንላታል አሉ።

አሁን የሰፈሩ ወሬ ሌላ አይደለም። መዳፍ የምታክል ሳጥን ውስጥ ትንሽ ጥቁር ሰውዬ ቆሟል፤ ከላይ ሳህን ይወርድበታል፤ አንቺ ቁልፏን ግራና ቀኝ እየተጫንሽ ታስቀልቢዋለሽ። ሦስት ከሰበረ ዕቃው ጮሆ ያለቅሳል፣ ጨዋታው አለቀ። ከፊራ ገበያ ባትሪና የሸሚዝ ቁልፍ ዘርግቼ ስቀመጥ ገበያተኛው ሁሉ እኔ ጋ ነው፤ የሚገዛ ግን የለም፣ ሁሉም አስተያየት ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። የባቡሩ መካኒክ ጋሽ በዛብህ ገልብጦ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ «ሥራ የፈታ ሰዓት ነው» አለ። የቀበሌው ካድሬ ክፍሉ «የኢምፔሪያሊስት ማደንዘዣ ነው» ብሎ ቀማኝ፤ ከዚያ እስከ ዙህር ሶላት ድረስ ራሱ ሲደነዝዝ ዋለ። እናቴ ደግሞ አየችውና «ይሄን የሚሠሩ ሰዎች እህል ሞልቷቸዋል ማለት ነው» አለች። እሷ ጋ ቀልድ የለም።

ምርጡን ላጫውትሽ። የግቢያችን እናት አዴ ሀሊሞ እንደ ልማዷ በራፏ ላይ ተቀምጣ ኮፊያ ትሰፋለች። «ምንድነው የሚጮኸው?» አለችኝ። ፊቴን እንደ ቃዲ አኮሳትሬ «የዓይን መመርመሪያ ነው አዴ። ቀመሪያ ጅቡቲ ካሉት የፈረንሳይ ሐኪሞች ነው የገዛችው፤ የበሬ ዋጋ ነው ያወጣችበት» አልኳት። «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ እስቲ የእኔንም እይልኝ» አለች። ሰጠኋት። ቁልፍ መጫን መቼ ታውቅና! ሳህኑ ተራ በተራ ተሰባበረ፣ ዕቃው ጮኸ። እኔም ጥርሴን ሳላሳይ «አዝናለሁ አዴ፤ መርፌ ካላቆምሽ ይሄ ዓይን የረመዳንን ጨረቃ አያይም» አልኳት። ግቢው በሳቅ ሞተ። የጎረቤታችን የበለጠች ቡና እንኳ ገነፈለ። አዴም የሳቀች መሰለኝ፤ ኮፊያዋን አጣጥፋ ገባች።

በሚቀጥለው ጥቁር መነጽርና ጂንስ ሱሪ ላኪልኝ። ሱሪው ጠባብ ይሁን፤ ካልጠበበ ሰው አያምነኝም።

የከፊራ የባትሪ ሚኒስትር፣
አብዱሰመድ


ጅቡቲ
የካቲት 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱሰመድ፤

ሰላምታዬ ከአክስቴ ከፋዱማ ጀምሮ ግቢው ውስጥ እስካሉት ፍየሎች ይድረስ። አላህ ጤናና ልብ ይስጥህ፤ ልቡን አስበልጬ ነው የምለምንልህ።

የዳሃቦን ማስነጠስ ሳነብ ማዳም ደንግጣ ከክፍሏ እስክትወጣ ሳቅኩ። የአዴ ሀሊሞን ግን ግማሽ ስቄ ተውኩት። በእሷ አትቀልድ። እናቴ ስትሞት ጸጉሬን የሠራችኝ እሷ ናት። አንተንም ኩፍኝ ሲይዝህ በጀርባዋ ያዘለችህ እሷ ናት።

ደግሞ አክስቴ «እህል ሞልቷቸዋል» ያለችውን ለብቻዬ ሆኜ አሰብኩበት። የዚህ ቤት ልጅ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚውለው። ምግብ ሳቀርብለት ቀና ብሎ አያየኝም። አንዳንዴ እኔም እንደዚያች ሳህን ከላይ የምወርድ ይመስለኛል። እኔ ግን ላንተ ከትልቁ መንገድ ሱቅ ነው የገዛሁት፤ ዋጋውን አትጠይቀኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ኢድል የሚባል ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው ሽማግሌ ልኳል፤ አጎቴም እሺ ብሏል። ኒካሁ በሸዋል ወር ነው። ከግቢያችን የወጣች ሴት ሁሉ ባሏ ለኒካህ የሚያደርገው አዴ ሀሊሞ የሰፋችውን ኮፊያ መሆኑን ታውቃለህ። እኔም እናት የለኝም፤ በዚያ ቀን ከቤቴ የሚመጣ ነገር ያቺ ኮፊያ ብቻ ናት። የራሱን ልክ በክር ለክቼ ልኬልሃለሁ። ንገርልኝ፤ ከአሁኑ ትጀምርልኝ።

ጂንሱን እናያለን።

እህትህ ቀመሪያ


ድሬዳዋ
መጋቢት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሙሽራዋ ለእህቴ፤

እልልልል! ወረቀት ላይ እልል ሲባል ድምፅ የለውም እንጂ ብታይ ጉሮሮዬ ተቆርጧል። አላህ ኢድልን የሚያምር ባል፣ አንቺን የማትጮሂ ሚስት ያድርግሽ። ክሩ ደርሶኛል። የሰውየው ራስ ግን ትልቅ ነው አቦ! እኔ ለካሁት፣ የግቢያችንን ድስት ክዳን ዞሮ ተረፈው።

እናቴ ደህና ናት። ፍየሏ ወልዳለች። የቀበሌው ሱቅ ስኳር አልቆ ሳሙና ብቻ ይሰጣል፤ ሻይ በሳሙና የሚጠጣበትን መንገድ ክፍሉ በስብሰባ እስኪያስተምረን እየጠበቅን ነው። ባለፈው ከእሱ ጋር ተከራከርን። «ኮንትሮባንድ የሚገዛ አገር ይጎዳል» አለኝ። «እሺ፣ ያደረግከው ሸሚዝ የየት ነው?» አልኩት። ኮሌታውን ገልብጦ ሊያሳየኝ ሲል የጅቡቲ ሆነና መልሶ አጠፈው። እኔም እንዲያ አሸንፌው ስሄድ ደስ አላለኝም። ዳሃቦ የምታመጣውን ጨርቅ የምንገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ሲይዙባት ስንት ቀን እንደምትታሰር ግን የጠየቀ ገዢ አላየሁም። ይሄን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማንም አትንገሪ፤ ስሜ ይበላሻል።

ስለ ኮፊያዋ ነግሬያታለሁ። «አላህ ይባርክላት» ብላለች። ሰሞኑን ትንሽ አርፋለች እንጂ... ይሆናል፤ አታስቢ። ጂንሱም አይቸኩል፤ መነጽሩ ብቻ ይበቃል።

አብዱሰመድ


ጅቡቲ
መጋቢት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

አብዱሰመድ፤

አላህ ሰላምህን ያብዛው። ዳሃቦ ትናንት መጥታ ነበር። አዴ ሀሊሞ መርፌዎቿን ለቱሪያ ሰጥታ፣ እጇን አጣጥፋ ነው የምትውለው አለችኝ። ከታመመች ለምን ደበቅኸኝ? አንተ ደግሞ በደብዳቤህ ፍየሏ ወለደች ትለኛለህ።

የጠየቅኩህን ብቻ መልስልኝ። ምን ሆና ነው?

ቀመሪያ


ድሬዳዋ
ሚያዝያ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቀመሪያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይሄን ደብዳቤ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ቀልድ ሳልጨምር ስጽፍ እጄ የሰው እጅ ይመስለኛል።

አዴ ሀሊሞ አልታመመችም። አምናኝ ነው።

ያን ቀን አልሳቀችም። ኮፊያዋን አጣጥፋ የገባችው ልትተወው ነው። ለማንም ሳትናገር መርፌና ክሯን ሰብስባ ለጎረቤታችን ልጅ ለቱሪያ ሰጠች፤ «አንቺ ገና ነሽ፣ ዓይንሽ ይበቃሻል» ብላ። የወሰደችውን ትዕዛዝ ሁሉ ለባለቤቶቹ መለሰች። ቱሪያ ስትነግረኝ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቄ የት እንደሚገባ ጠፋኝ።

ሄድኩና «አዴ፣ ቀልድ እኮ ነው፤ መጫወቻ ነው፤ የሕፃን ነው» አልኳት።

«አሁን እንዳላዝን ነው የምትዋሸኝ» አለችኝ።

«ወላሂ መጫወቻ ነው!»

«አንተ በአላህ ስም ስትምል የሰማሁበትን ቀን ልቁጠርልህ? ወዲህ ግባ ኢልመኮ። አንተ ሰው ስለሆንክ ትዋሻለህ። ማሽን ምን አገኝ ብሎ ይዋሻል?»

ተነስቼ ወጣሁ፤ እኔ! ከፊራን ሙሉ በአፌ የማሽከረክረው። ደግሞ ሌላ የባሰ አለ። መርፌ ካቆመች ወዲህ ዓይኗ ደህና ነው፤ ያው ድሮም ደህና ነበር። እሷ ግን «አየህ፣ ስላቆምኩ ነው የተረፈልኝ» ትላለች። በገዛ ውሸቴ ውስጥ በር አላገኘሁም።

ስለ ኒካህሽ ስነግራት አንገቷን ደፋች። «ለቀመሪያ ብዬ ዓይኔን ላጠፋው አስቤ ነበር፤ ፈራሁ። ልጅቷን ባላያትስ?» አለች። እኔ ቆሜ ሰማኋት።

መነጽር አልፈልግም። አንቺ ጻፊላት። ያንቺን ታምናለች።

አብዱሰመድ


ጅቡቲ
ሚያዝያ 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

አብዱሰመድ፤

ስሰድብህ ሁለት ገጽ ጨርሼ ነበር፤ አልላክሁልህም፣ ደስ ይልሃል። ይሄን የታሸገውን ለአዴ ሀሊሞ ስጥ። አንተ እንዳታነበው። በለጠች ታንብብላት፤ ባንተ አፍ ከወጣ ቁርዓንም ቢሆን ትጠረጥራለች።

ኮፊያዋ ብትቀርም እችለዋለሁ። ሴትዮዋ ግን ዓይኗን ገና በሕይወት እያለች ቀብራ መቀመጥ የለባትም። ይሄን አንተ አስተካክል።

ቀመሪያ


ድሬዳዋ
ግንቦት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቀመሪያ፤

ረመዳን ሊገባ ነው፤ አላህ ጾምሽን ቀላል ያድርግልሽ።

በለጠች አነበበችላት። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ነበር። አንቺ «መጫወቻ ነው አዴ፣ የማዳም ልጅም አለው» ያልሽው ላይ ስትደርስ አዴ ሳቀች። «ቀመሪያዬ፣ ያቺ ደግ ልጅ። ወንድሟን ልታድን ነው» አለች። በለጠች «ኧረ አዴ፣ እውነት ነው!» ብትላትም «እናንተ ሁላችሁም ትወዱታላችሁ» ብላ ደብዳቤውን ስማ ትራስ ሥር አስገባችው።

ስለዚህ አሰብኩ። ማሽኑን ካመነች ማሽኑ ራሱ ይዳኛት። አሁን በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ከጎኗ ተቀምጬ እያስተማርኳት ነው። «ሁለተኛ ምርመራ ነው» አልኳት። መጀመሪያ ቁልፏን እንደ በርበሬ ነበር የምትደቁሰው። ሳህን በተሰበረ ቁጥር «አፍዋን! ይቅርታ ልጄ!» ትላለች ለሰውዬው። አሁን አሁን ግን ብታያት! ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ መርፌ እንደምትይዝ አድርጋ ይዛው፣ አንዳንዴ ከእኔ ትበልጣለች። ክፍሉ ቆሞ አይቶ «ማዘርንም አደነዘዘ» አለ። እንደ ድሮው መልስ ከመስጠት የቀለበችውን ሳህን ቆጠርኩላት።

ግን ባትሪው እየሞተ ነው። ሰውዬው ደብዝዟል፤ ለደህና ዓይንም አይታይም። ባትሪው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠፍጣፋ ነው፤ እኔ የምሸጠው የእጅ ባትሪ አይገባም። ከፊራን አሰስኩ፣ የለም። ደብዝዞ ከወደቀች ሁለተኛ አትነሳም። እባክሽ እህቴ፣ ዕቃውን ከገዛሽበት ሱቅ ባትሪውን ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አብዱሰመድ


ጅቡቲ
ግንቦት 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱሰመድ፤

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ሾፌር እጅ የላክሁት ትንሹ ወረቀት ውስጥ ባትሪዎቹ አሉ። የዘገየሁት ባትሪው ጠፍቶ አይደለም።

«ከገዛሽበት ሱቅ» ስትለኝ ፊቴ ቃጠሎ ሆነ። አልገዛሁትም አብዱሰመድ። የማዳም ልጅ አዲስ ቀይ ሲገዙለት ያንተን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ምንም አልሆነም፤ ይሠራል፤ ብቻ ሰለቸው። እኔ አነሳሁት። ማዳምን «ልውሰደው?» ስላት «ቆሻሻ እኮ ነው» ብላ ሳቀች። ተጥሎ የተነሳ ዕቃ ላኩልህ ማለት አፍሬ ከሱቅ ገዛሁ አልኩህ። አንተ ደግሞ ላዴ የበሬ ዋጋ ነው አልካት። ርካሽ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ታምነው ነበር? የእኔም እጅ አለበት።

ባትሪውን ለመግዛት ያንኑ ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። ሻጩ ከራስ እስከ እግሬ አይቶ «ለማዳምሽ ነው?» አለኝ። «ለእናቴ ነው፤ ዓይኗን ልታስመረምርበት» አልኩት። እብድ ነው የመሰልኩት። ግድ የለኝም።

ቅርጫት ውስጥ ስንት ነገር እንደማይ ብነግርህ። ጥሩ ጫማ፣ የሚዘፍን ሬዲዮ፣ ያልተነካ ዳቦ። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር፤ አሁን የሚያስፈራኝ እኔም መልመዴ ነው።

ስለ ኮፊያዋ አትጨነቅ። ኢድልን ከገበያ ግዛ ብዬዋለሁ።

ቀመሪያ


ድሬዳዋ
ሰኔ 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቀመሪያ፤

ሰላም፣ ጤና፣ በረካ ከአንቺ አይለይ። ይሄን ደብዳቤ ዳሃቦ ይዛልሽ ትመጣለች፤ አብሮ የተጠቀለለውን መጀመሪያ ሳትፈቺ አንብቢው።

ባትሪው በገባ በሳምንቱ አዴ አሸነፈች። እኔ ደርሼበት የማላውቀው ቦታ ደረሰች፤ ዕቃው ያልሰማነውን ዜማ ዘፈነ። ቱሪያ እልል አለች። እኔም «በቃ አዴ፣ ዳንሽ! ማሽኑ ራሱ መሰከረ» ብዬ መርፌውን አቀረብኩላት።

አልነካችውም።

«ማሽን አይዋሽም ብለሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ማሽኑን መች አመንኩት» አለች። «ያን ቀን ያየሁት ያንተን ፊት ነው። ከተወለድክ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ስትቀልድ ከንፈርህ አይቀመጥም። ያን ቀን ግን ቁጭ አለ። ይሄ ልጅ ያለ ነገር ፊቱ እንዲህ አይጨልምም አልኩ። በኋላ ‹ቀልድ ነው› ብለህ ስትመጣ ደግሞ ፈገግ ትላለህ። የትኛውን ልመን?»

«ታዲያ ለምን ማሽኑ ነው አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? አብዱሰመድን አምኜ መርፌዬን አጣሁ ልበል? ሰው ይስቅብኛል።»

ፈገግ ያልኩት አፍሬ ነበር ቀመሪያ። እኔ ሳፍርም ፊቴ የሚያውቀው ያንኑ ነው። ልነግራት ብዬ ሳይሆንልኝ ቀረ። ማሽኑን ብትንቀው ይሻለኝ ነበር። ሰው አምኖ የማያውቀኝን እኔን፣ አንድ ቀን ያመነችኝ እሷ ናት፤ ያም ቀን የዋሸሁበት ነው።

የኢድ ለት ጠዋት ያኔ የሳቁት ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበሩ። መሀል ላይ ቆምኩና «ሰዎች፣ ላዴ ሀሊሞ ያልኩት ሐሰት ነው» አልኩ። ገና ስጀምር ሳቁ። በለጠች «ደግሞ ዛሬ ምን ሊያመጣ ነው!» አለች። ክፍሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጨረሻው እስኪመጣ፣ የሚያስቀው እስኪመጣ እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ የሚያስቅ የለኝም። ዓይኗን ማንም እንዳልመረመረ፣ መጫወቻው ከቆሻሻ የተነሳ እንደሆነ (ይቅርታ፣ እሱንም ተናገርኩብሽ)፣ አዝላ ያሳደገችኝን ሴት ሰው ለማሳቅ ብዬ ከሥራዋ እንዳስነሳኋት ተናገርኩ። እያወራሁ ሳቁ አንድ በአንድ ቆመ። ከሁሉ የከበደኝ ያ ነው፤ ሳቁ ሲቆም መስማት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ጨርሼ የምሄድበት ጠፍቶኝ ቆምኩ። አዴ ሀሊሞ ግን ሌላ ነገር አላየችም፤ ከንፈሬን ብቻ ነበር የምታየው።

ከዚያ «ቱሪያ፣ መርፌዬን አምጪ» አለች።

«ይቅር አልኩህ» አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ክር ቆርጣ ስትሰጠኝ ያዝኩላት።

ከኢድ እስከ ዛሬ ከስፌቷ አልተነሳችም። ዓይኗ ደህና ነው፤ እጇ ግን ከርሞ ደርቋል። የመጀመሪያዋ ረድፍ ጠማማ ሆና ወጣች፣ ታይዋለሽ። «ፍቺያትና እንደገና ስፊያት አዴ» አልኳት። «አልፈታትም። ያን ሁሉ ወር ምን ስሠራ እንደነበር ሰው ቢጠይቀኝ ምን አሳያለሁ?» አለች። ሌላው ሁሉ እንደምታውቂው የአዴ ሀሊሞ እጅ ነው።

ኢድል ያንን ጎን ወደ ኋላ አዙሮ ቢያደርገው ሰው አያየውም ብዬ ላስቸግርሽ ነበር። አዴ ግን «በግንባሩ በኩል ይሁን» ብላለች፤ እንዳለችው ይሁን። ኒካሁ ላይ ከሰዎቹ አንዱ «ይሄ መስመር ምን ሆኖ ነው?» ካለ የእሷን እጅ እንዳያሙ፣ የእኔን ስም ንገሪያቸው።

ወንድምሽ አብዱሰመድ